ለሌላ ሕመም ተኝታ ስትሮክ ሲመታት፦ አስታማሚው ምን ያድርግ?

ባለቤቴ ሆስፒታል የገባችው ለሐሞት ጠጠር ነበር። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፣ ማታውንም ደህና አመሸች። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ግን የአፏ የቀኝ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። "እንዴት አደርሽ?" አልኳት። "ሐሙስ" አለችኝ። ቀኑ ሐሙስ አልነበረም።

ስትሮክ ሰውን ቤቱ ወይም መንገድ ላይ ብቻ የሚመታ ይመስለናል። ለሌላ ሕመም ተኝተው እያሉ የሚመታቸው ግን ጥቂት አይደሉም። የልብ ችግር ያለባቸው፣ ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ ለቀዶ ጥገናው ሲባል ደም ማቅጠኛ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የሚገርመው ሐኪም በቅርብ ባለበት ቦታ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መታየቱ ነው። የተኛ ሰው ተነሥቶ ስለማይራመድ እግሩ መድከሙ አይታወቅም። ምላሱ ከተሳሰረ ማደንዘዣው ነው ይባላል። ካንቀላፋ የሕመም ማስታገሻው ነው ይባላል። እኛም መጀመሪያ የተባልነው ይህንኑ ነው፤ "ማደንዘዣው ገና አልለቀቃት ይሆናል፣ ትንሽ ትረፍ።"

ይህን የምጽፈው አልጋው አጠገብ ለሚቀመጠው ባል ወይም ሚስት ነው። የታመመችው የእኔ ሚስት ስለሆነች "እሷ" እያልኩ ነው የማወራው፤ የታመመው ባላችሁ ከሆነ "እሱ" ብላችሁ አንብቡት። ሐኪሞቹ ሕመሙን ያውቁታል። እሷን የሚያውቃት ግን አስታማሚዋ ነው። ስትስቅ አፏ ምን እንደሚመስል፣ በየትኛው እጇ እንደምትጽፍ፣ ትናንት ማታ እንዴት ታወራ እንደነበር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም። ሥራችሁ ይህን የምታውቁትን በሰዓቱና በግልጽ ለሚመለከተው ሰው መንገር ነው።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ

ፈገግ እንድትል ጠይቋት፤ አንዱ የፊቷ ጎን ይቀራል? ሁለቱንም እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ አሥር እስክትቆጥሩ ትያዝ፤ አንዱ ይወርዳል? አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከእናንተ ሰምታ ትድገም፤ ቃላቱ ይወላገዳሉ ወይስ ጭራሽ ሌላ ነገር ትላለች? ድንገት ማየት ካቃታት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ ካየች፣ ወይም ተቀምጣ ሳለ ወደ አንድ ጎን ካዘመመች እሱም ምልክት ነው። ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ። ድንገት የመጣ አንድ ምልክት ይበቃል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሰው ሁለመናው ይዝላል፤ የስትሮክ ድካም ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጎን ይመርጣል።

ከዚያ የጥሪውን ደወል ተጫኑ። ቶሎ ሰው ካልመጣ ወጥታችሁ ጥሩ። ስትናገሩ "ደህና አይደለችም" አትበሉ፤ ሆስፒታል ውስጥ ደህና የሆነ ሰው የለምና ማንም አይደነግጥም። እኔ ያልኩት እንዲህ ነበር፦ "ሲስተር፣ ስትሮክ ይመስለኛል። ማታ ደህና ነበረች። አሁን ቀኝ እጇ አይነሣም፣ ንግግሯም ተበላሽቷል። ሐኪም አሁኑኑ ይያት።" ስትሮክ የሚለው ቃል ራሱ ሥራ ይሠራል። ብዙ ሆስፒታሎች ይህ ቃል ሲጠራ እየሮጠ የሚመጣ ቡድን አላቸው።

"ራውንድ ላይ ይታያል"፣ ማለትም ሐኪሞቹ በየአልጋው ሲዞሩ ይታያል፣ ከተባላችሁ አትቀበሉ። ተረኛ ሐኪሙ ይጠራልኝ በሉ። እሱም ካመነታ ከእሱ በላይ ያለው ይጠራ። መጮህም መጣላትም አያስፈልግም፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ደጋግሙት። አንድ ነገር ጨምሬ ነበር፤ "እሺ ሲስተር፣ ስትሮክ ነው ብዬ መናገሬንና ሰዓቱን ካርዷ ላይ ይጻፉልኝ።" በጨዋ አነጋገር ነው ያልኩት። ሲስተሯ ሐኪሙን ልትጠራ ሄደች።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምንድን ነው? የደም ሥር ተዘግቶ በሚመጣ ከባድ ስትሮክ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል። "ትንሽ ትረፍ" የተባለችበት ያ "ትንሽ" በዚህ ሲመነዘር ብዙ ነው።

ሐኪሙ እስኪመጣ በአፏ ምንም አትስጧት፤ ውሃም፣ ክኒንም። አስፕሪን ለስትሮክ ጥሩ ነው ሲባል የሰማ ሰው ከኪሱ ሊያወጣ ይችላል። ከልክሉት። ስትሮኩ የመጣው አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ አስፕሪን ያባብሳል፤ መዋጥ ካልቻለችም ያንቃታል። ስኳሯ ተለክቶ እንደሆነ ግን ጠይቁ። የደም ስኳር ሲወርድ ቁርጥ ስትሮክ ይመስላል፤ ጣት ወግቶ ማየት ደግሞ ደቂቃም አይፈጅም።

የሰዓቱ ጉዳይ

ሐኪሙ እንደመጣ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ አንድ ነው፤ መጨረሻ ደህና ሆና የታየችው መቼ ነው? ልብ በሉ፣ ምልክቱን ያያችሁበትን ሰዓት አይደለም የሚፈልገው። ተኝታ ከነበረች ሕመሙ በየትኛው ሰዓት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ የሚቆጠረው በእርግጠኝነት ደህና ከነበረችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። የሚሰጠውን ሕክምና የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

እኔ ስልኬን ነው የከፈትኩት። ማታ ደውላ መነጽሯን ቤት ትቼባት በመምጣቴ ስትቆጣኝ ነበር፤ ቁጣዋም አንደበቷም ሙሉ ነበር። የጥሪው ሰዓት ስልኩ ላይ አለ። መልእክት የምትጻጻፉ ከሆነ መጨረሻ በትክክል የጻፈችው መልእክትም እንደዚያው ያገለግላል። ከዚያ ዞሬ ጎን አልጋ ያሉትን እናት ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ሊነጋጋ ሲል ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ አናግራኛለች፤ ደህና ነበረች፣ በእግሯ ነው የሄደችው" አሉኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰዓቱን ከማታ ወደ ንጋት አመጣችው። ስለዚህ አጠገቧ የተኛውን ሰው፣ ሌሊት ተረኛ የነበረችውን ነርስ፣ ክፍሉን የምታጸዳውን ሠራተኛ ሳትጠይቁ "ከማታ ጀምሮ አላውቅም" አትበሉ። ስትነግሯቸውም "ከአሁን ሦስት ሰዓት በፊት" ብላችሁ ንገሯቸው። የሰዓት አቆጣጠር ሊምታታ ይችላል፤ "ከስንት ሰዓት በፊት" ግን አይምታታም።

አብራችሁ የምትነግሩት ሌላም አለ። የምትወስደው መድኃኒት ምን ምን ነው፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ ካለ መጨረሻ የወሰደችው መቼ ነው? ለምን መድኃኒት ሰውነቷ ይቆጣል? ግራኝ ናት ወይ? ከዚህ በፊት ያለ ሰው እርዳታ ትራመድ፣ ታበስል፣ ትሠራ ነበር ወይ? አልጋ ላይ ያያት ሐኪም ሁልጊዜም እንዲህ ነበረች ብሎ እንዳይገምት።

ረግቶ ነው ወይስ ፈስሶ?

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው፣ ከመቶ 85 ገደማው፣ የረጋ ደም የአንጎልን ደም ሥር ሲዘጋው የሚመጣ ነው። የቀረው ደም ሥር ተበጥሶ ደም ሲፈስ የሚመጣ ነው። ምልክታቸው ስለሚመሳሰል በዓይን አይለዩም፤ ሲቲ ስካን የሚባለው የአንጎል ምስል የግድ ነው። ሲቲው የፈሰሰ ደምን ወዲያው ያሳያል። የመርጋቱ ዓይነት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ "ሲቲው ንጹሕ ነው" ቢሏችሁ ስትሮክ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ "ታዲያ እጇ ለምን አይነሣም?" ብላችሁ ጠይቁ።

መርጋት ከሆነ ሁለት አስቸኳይ ሕክምናዎች አሉ። አንዱ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ነው። በጥቅሉ ደህና ከነበረችበት ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በቶሎ በተሰጠ መጠን ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለተኛው ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ነው። ይህ ትልልቆቹ የአንጎል ደም ሥሮች ሲዘጉ የሚሠራ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከታተሙ ጥናቶች ወዲህ ግን በምስል ታይተው ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም ሆስፒታል አይሠራውም። "ለዚህ ሕክምና ትሆናለች ወይ? እዚህ ከሌለ ሪፈር ትባላለች ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ቶሎ አንሡት።

የሆስፒታል ውስጥ ስትሮክ ክፉ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ትኩስ የቀዶ ጥገና ቁስል ላለበት ሰው የሚያሟሟው መርፌ ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ቁስሉ ሊደማ ይችላል። ባለቤቴም በዚህ ምክንያት መርፌውን አላገኘችም። የደም ሥር ምስል ሲነሣ ደግሞ የተዘጋው የደም ሥር ያ ቀጭን ቱቦ የማይደርስበት ትንሽ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቀረባት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉ ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ግን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። በስትሮክ ክፍል ውስጥ በሠለጠኑ ነርሶች የሚደረግ እንክብካቤ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ሞትንም አካል ጉዳትንም ይቀንሳል። እንክብካቤው ደግሞ ገና ሊጀመር ነው።

የፈቃድ ፊርማ ሲመጣባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጥቅሙ ምንድን ነው፣ አደጋው ምንድን ነው፣ ባይደረግስ? ከዚያ ወስኑ። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ታላቅ ወንድም እስኪመጣ የሚቆይ ውሳኔ አይደለም። ቤተሰቡን በስልክ ማሳወቅ ይቻላል፤ ማስፈቀድ ግን ጊዜ ይበላል።

ስለ ደም ግፊት አንድ ነገር ልበል፤ እኔን ክፉኛ ያስደነገጠኝ እሱ ነበርና። ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ሰማይ ነክቶ እያየሁ ማንም መድኃኒት አይሰጣትም። ለካስ ሆን ተብሎ ነው። በመርጋት ስትሮክ የሚያሟሟው መርፌ ካልተሰጠ፣ ግፊቱ ከ220 በ120 እስካላለፈ ድረስ በመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ የተጎዳው አንጎል ደም የሚያገኘው በዚያ ግፊት ነው። መርፌው ከተሰጠ ግን ለ24 ሰዓት ከ180 በ105 በታች መያዝ አለበት። ደም ከፈሰሰም ሐኪሞቹ ያወርዱታል። "ለእሷ የተቀመጠው ልክ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ማሽኑን እያዩ መሳቀቅ ይቀንሳል።

በአፍ ምንም አይሰጥ

ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ይቸግራቸዋል። ውሃው ወደ ሆድ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ስትሮኩን አልፈው በዚህ የሚሞቱ አሉ። ስለዚህ የመዋጥ ምርመራ እስኪደረግላት ድረስ ጉሮሮዋ ደርቆ እያያችሁም ቢሆን አንዲት ማንኪያ ውሃ አትስጡ።

ለማለት ይቀላል። አንጀት የሚበላው ግን እዚህ ላይ ነው። ውሃውን በዓይኗ እያሳየች ትለምናለች። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ "እንዴት ውሃ ትከለክላታለህ፣ ጨካኝ" ይላል። ወረቀት ላይ በትልቁ "በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ውሃም ቢሆን" ብዬ ጽፌ ከራስጌዋ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ከጠያቂ ጋር መከራከር ቀረልኝ፤ ወረቀቱን ማሳየት ብቻ ሆነ። ለድርቀቱ ነርሷን ጠይቃችሁ በረጠበ ጨርቅ ወይም በስፖንጅ ከንፈሯንና አፏን አርጥቡላት። አፏን ማጽዳትም በራሱ የሳንባ ምችን ይከላከላል።

ምርመራውን አልፋ መብላት ስትጀምር ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ትንሽ በትንሽ ስጧት፤ ቀጭን ፈሳሽ ይበልጥ ትን ስለሚል ወፈር ብሎ እንዲሰጣት ሊያዝዙ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ መዋጧን እዩ። በደከመው ጎን በጉንጯ ውስጥ ምግብ ተደብቆ ይቀራል፤ እሷ አይሰማትም። በልታ ከጨረሰች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትተኛ ትቆይ። ካሳላት፣ ወይም ከዋጠች በኋላ ድምፅዋ ውሃ እንደገባበት ከተንኮረኮረ አቁሙና ንገሩ። ሳይስሉ ወደ ሳንባ የሚገባባቸውም አሉ፤ ስለዚህ "አላሳላትም" ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አትጀምሩ።

የደከመውን እጅ አትጎትቱ

ሰው ሁሉ ሊያነሣት ሲል የሚይዘው ያንኑ የማይንቀሳቀሰውን እጅ ነው። ትከሻውን የሚደግፈው ጡንቻ ስለላላ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የትከሻ ሕመም ወራት ይቆያል። ከጀርባዋና ከወገቧ ደግፉ። ስትተኛም ስትቀመጥም ከእጇ ሥር ትራስ ይሁን።

መገላበጥ በራሷ ካልቻለች በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለባት። ተረከዟን፣ የታችኛውን ጀርባዋንና ዳሌዋን በየቀኑ እዩ፤ የማይለቅ መቅላት ካያችሁ የቁስል መጀመሪያ ነው። ባቷ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወዲያው ተናገሩ፤ እግር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

"ቶሎ አስነሷት፣ ካልተንቀሳቀሰች ትደርቃለች" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ከ2,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ አብዝቶ ማንቀሳቀስ ውጤቱን አላሻሻለም፤ እንዲያውም ጎድቷል። አጠር አጠር እያለ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳለው ይሁን።

መነጽሯን ቶሎ አምጡላት። የመስሚያ መሣሪያም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም ካላት እንደዚሁ። አንድ ሐኪም ሥዕል አሳይቷት መለየት ሲያቅታት አእምሮዋ ክፉኛ የተጎዳ መስሎት ነበር። መነጽሯን ሳደርግላት ግማሹን በጣቷ አመለከተች። የጥሪውን ደወል፣ ውሃ ሲፈቀድላት ውሃውን፣ ስልኳን በደህናው እጇ በኩል አስቀምጡ። የአንጎሉ ቀኝ ጎን የተጎዳ ሰው ደግሞ ከግራው በኩል ያለውን ዓለም ጭራሽ ሊረሳው ይችላል፤ ከሳህኑ ግማሹን ብቻ በልቶ ይተዋል፤ የምትሉትን የማይሰማችሁ ከመሰላችሁ መጀመሪያ የቆማችሁበትን ጎን ቀይሩ።

አንደበቷ ሲያዝ

ስለዚህ ክፍል ማንም አልነገረኝም፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

በአብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራው ከግራው የአንጎል ክፍል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ይህን የሚጠቁም ነገር ያገኘው "ታን" ከምትል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ታማሚ መርምሮ ነው። የእኔዋ "ታን" ሐሙስ ሆነች። ውሃ ስትፈልግ ሐሙስ፣ ስትቆጣ ሐሙስ፣ ልጃችን ስትገባ ደግሞ ረዘም ያለ፣ ለስላሳ ሐሙስ። ቃሉ አንድ ነው፤ ዜማው ግን ይለያያል። በዜማው መግባባት ጀመርን።

ቃል ያጣ ሰው አእምሮውን አላጣም። ይህን ለጠያቂውም ለራሳችሁም ደጋግማችሁ ንገሩ። አጠገቧ ቆመው "ምን ሆና ነው እንዲህ የሆነችው? ትሰማለች እንዴ?" የሚሉ ሰዎች አሉ። ትሰማለች። ብዙውን ትረዳለች፤ ባትረዳም ፊታችሁን ታነባለች። እንዲህ ያለውን ወሬ ወደ ኮሪደር አውጡት። ድምፃችሁንም ከፍ አታድርጉ፤ ጆሮዋ ደህና ነው።

የጠቀመን ይህ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ አንድ ሰው ብቻ ያውራ፣ ፊት ለፊት ይሁን። ጥያቄው አጭር ይሁን፣ አንድ በአንድ። "ምን ትፈልጊያለሽ?" ከባድ ነው፤ "ብርድ ነው?" ቀላል ነው። መልሱ በአውራ ጣት፤ ወደ ላይ አዎ፣ ወደ ታች አይ። ግን አዎና አይን ራሱ ልታምታታ ትችላለች። ስለዚህ ገልብጣችሁ ጠይቁ፤ "ብርድ ነው?" አዎ ካለች "ሞቆሻል?" በሏት። ለዚህም አዎ ካለች መልሱን አትመኑት፤ ብርድ ልብሱን አልብሳችሁ ፊቷን እዩ። ልጃችን አንድ ካርቶን ላይ አልጋ፣ ብርጭቆ፣ ሽንት ቤት፣ ትራስ፣ የሚያለቅስ ፊት ሣለችላት። ትራሱ ትራስ አይመስልም ነበር፤ ግን ሠራ።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ቃሉን ስትፈልግ እኛ ቀድመን እንልላታለን። ደግነት ይመስላል፤ እሷን ግን ያበሳጫታል። እኔ በልቤ እስከ አሥር መቁጠር ለመድኩ። አንዳንዴ ስምንት ላይ ስደርስ ይመጣል።

አንድ ቀን የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ "ሀ" አለችና ዝም አለች። ባለቤቴ "ሁ" አለች። ከዚያ "ሂ ሃ ሄ ህ ሆ" ብላ እስከ ሰባተኛው ዘለቀችው። እኔ ዳነች ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። ባለሙያዋ አረጋጋችኝ። ፊደል መቁጠር፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ የሚታወቅ መዝሙር ማዜም ለዓመታት ተደጋግሞ የተቀረጸ ነገር ስለሆነ ንግግር ሲጠፋ እንኳ ሊተርፍ ይችላል። በዚያው ቀን ብርጭቆ አሳይታት "ይህ ምንድን ነው?" ስትላት መልሱ ያው ሐሙስ ነበር። ቢሆንም አብራችሁ ቁጠሩ፣ አብራችሁ አዚሙ። ድምፅዋን መልሶ መስማት ለእሷም ጥሩ ነው።

ደብተር ያዙ

ዕድሜዬን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ገቢና ወጪ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ደብተር መያዝ አልከበደኝም። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ምን ታዘዘ፣ ውጤቱ መቼ ይደርሳል። ሌላ ገጽ ላይ ለሚቀጥለው ራውንድ የሚጠየቁ ጥያቄዎች። በድንጋጤ ውስጥ የተነገረ ነገር ከጆሮ አያልፍም፤ ማታ ቁጭ ብላችሁ ስታነቡት ነው የሚገባችሁ።

ለሌላ ሕመም ተኝታ ስትሮክ የመታት ሰው ሁለት ቡድን ነው የሚያያት፤ ቀዶ ጥገና ያደረገላት ቡድንና የነርቭ ሕክምናው ቡድን። በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ "አሁን ዋና ኃላፊዋ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁና ስሙን ጻፉ። በእኛ ላይ አንዱ ደም ማቅጠኛ ይጀመር ይላል፣ ሌላው ቁስሉን ፈርቶ ይቆይ ይላል፤ እኔ በመካከል እመላለሳለሁ። በመጨረሻ "እባካችሁ ሁለታችሁ በስልክም ቢሆን ተነጋግራችሁ አንድ መልስ ስጡኝ" አልኩ። በዚያው ቀን ተነጋገሩ።

መነሻውን ምክንያትም ጠይቁ። የልብ መቆጣጠሪያው የባለቤቴ ልብ አልፎ አልፎ ሥርዓት የለሽ ምት እንደሚመታ አሳየ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። እንዲህ ያለ ምት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የስትሮክን አደጋም በአምስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። መድኃኒቷ በዚህ ምክንያት ተቀየረ። ሌላ ሰው ላይ የአንገት ደም ሥር መጥበብ ሊገኝ ይችላል፤ የእሱ መፍትሔ ደግሞ ሌላ ነው።

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይበልጥ ንቁ ሁኑ። ትልቅ ስትሮክ ከሆነ የተጎዳው የአንጎል ክፍል የሚያብጠው በእነዚህ ቀናት ነው። ከትናንቱ ይበልጥ ካንቀላፋች፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ ካስታወካት፣ ከባድ ራስ ምታት ከጀመራት፣ ድካሙ ከባሰ እንደ መጀመሪያው ቀን ሂዱና ጥሩ።

ጠያቂውና እናንተ

ስልኩን ለአንድ ሰው ስጡ። ለእኛ እህቷ ነበረች። ዘመድ ሁሉ ለእሷ ይደውላል፣ እሷ ማታ አንድ ጊዜ ለሁሉም ትናገራለች። ጠያቂ ሁለት ሁለት እየሆነ ይግባ፣ አይቆይ። የደከመ አንጎል ቶሎ ይዝላል።

አዳሩን በተራ አድርጉት። "እኔ ካልሆንኩ" የሚለውን ነገር ተዉት፤ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ሐኪም የነገረውን አይሰማም፣ ምልክት ሲቀየርም አያይም። የራሳችሁን መድኃኒት በሰዓቱ ዋጡ። ማልቀስ ሲመጣ ደረጃው ላይ ወጥታችሁ አልቅሱ፤ እኔ ብቻዬን የማለቅስ መስሎኝ ስወጣ ሌላ አስታማሚ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ተራ ስንተካካ ቆይተናል፤ እሱ ሲወጣ እናቱን አይለታለሁ፣ እኔ ስወጣ እሱ።

እሷም ያለ ምክንያት ልታለቅስ ወይም ሳያስቅ ልትስቅ ትችላለች። ይህ ራሱ የስትሮኩ አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ወሬ ስታነሡ ቶሎ ያልፋል። ለቀናት ከቆዘመች፣ ምግብ ከጠላች፣ ልምምዱን እምቢ ካለች ግን የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ከሦስት ታማሚ አንዱን ገደማ ያገኘዋል፤ መድኃኒትም አለው። "ባሕርይዋ ተቀየረ" ብላችሁ አትለፉት።

ከመውጣታችሁ በፊት

"ነገ ትወጣለች" ሲሏችሁ ደስታው ጥያቄ እንዳያስረሳችሁ። የሕክምና ማጠቃለያውን በጽሑፍ ተቀበሉ። የመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ የቱ አዲስ እንደሆነ፣ የቱ እንደቆመ፣ የትኛው ዕድሜ ልክ እንደሚቀጥል ምልክት ይደረግበት። በቤት የሚፈለገው የደም ግፊት ልክ ስንት ነው? ፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና የት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ? ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ስለሆነ ቀጠሮው አይጓተት፤ ከዚያ በኋላም ለውጡ አይቆምም፣ ይዘገያል እንጂ። ምልክቱ ተመልሶ ቢመጣ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋ እንኳ፣ ድንገተኛ ነው።

ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት እንዴት እንደምታዘዋውሯት ባለሙያው ሲሠራ አይታችሁ ብቻ አትውጡ። እናንተ ሥሩት፣ እሱ ይይ። ልብስ ማልበሱንም እንደዚያው። ለመውጫው ቀን ከፊት የሚከፈት፣ ሰፋ ያለ ሸሚዝ አምጡላት። መጀመሪያ የደከመውን እጅ አስገቡ፣ ከዚያ ደህናውን። ሲወልቅ በተቃራኒው ነው፤ ደህናው ይቀድማል፣ የደከመው በመጨረሻ ይወጣል። ቁልፉን ለራሷ ተዉላት፤ አንዱን ለመቆለፍ ረጅም ጊዜ ቢፈጅባትም እንኳ መኪናው ይጠብቅ።